ሬዚን ከለር ማድረግ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሬዚን፣ ማለትም ሃርደነር ከሚባል ማጠንከሪያ ጋር ተማስሎ የሚፈስና የሚጠነክር ፈሳሽ፣ መስራት የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ከለር ነው። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ረከቦት፣ የቁልፍ መያዣ፣ የግድግዳ ሰዓት ምናምን እየሰራሁ ስለምሸጥ ያው ተመሳሳይ ጥያቄ ነው ሁሌ የሚመጣልኝ፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልበል፣ "ከለሩ አበላሸብኝ" ተብሎ የሚመጣልኝ ስራ አብዛኛው ከለሩ ምንም አላጠፋም፣ ወይ ብርዱ ነው ወይ ልኬቱ ነው። ታች ስታነቡት ታዩታላችሁ።

ፈሳሽ ከለር ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም፣ እና ግማሹ ችግር ከዚህ ነው የሚጀምረው። ሱቅ ውስጥ በትንንሽ ጠርሙስ ተደርድሮ ስታዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሶስት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው ፒግመንት የሚባለው ነው። ይሄ በጣም የደቀቀ ዱቄት ሆኖ በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ነው፣ ደህናው አይነት የተበተነበት ፈሳሽ ራሱ ኢፖክሲ ሬዚን (እኛ የምንሰራበት አይነት) ነው፣ ሃርደነር ግን የለውም። ዱቄቱ አይሟሟም፣ እዛው ተንሳፍፎ ነው የሚቀረው፣ ለዛ ነው ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን ከለር የሚሰጠው፣ ፀሐይም ቶሎ አያነሳውም። ሁለተኛው ዳይ ነው፣ ይሄ ሙሉ ለሙሉ ይሟሟል፣ እንደ ባለ ቀለም መስታወት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ስራ ይወጣለታል። ሶስተኛው አልኮል ኢንክ ነው፣ እሱም ዳይ ነው ግን በአልኮል የተበጠበጠ፣ ሲንጠባጠብ የሚሰራው ቅርፅ ያምራል፣ ችግሩ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል።

ታዲያ የቱን ልግዛ ካላችሁኝ፣ ለጀማሪ ነጭና ጥቁር ፒግመንት፣ ከዛ አንድ ሰማያዊ በዳይ መልክ ይበቃል። 24 ጠርሙስ ያለው ፓኬት ገዝቶ 20ውን ሳይነካ ያደረቀ ሰው ብዙ ነው የማውቀው። ፈዛዛና ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ግራጫም ከነዚሁ ቀላቅላችሁ ታገኛላችሁ፣ ቀይና ቢጫ ስትጨምሩ ደግሞ ሌላውም ይወጣል፣ ቀይና አረንጓዴ ብቻ አንድ ላይ እንዳትከቱ፣ የጭቃ ቡኒ ነው የሚወጣው።

ስንት ጠብታ ላድርግ?

ይሄን ጥያቄ በጠብታ አልመልስም፣ በግራም ነው። ጠብታ እንደ ጠርሙሱ አፍ፣ እንደ ፈሳሹ ውፍረት ይለያያል። ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፣ ወፈር ያለ ፒግመንት ግን እንደዛ አይደለም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሬዚኑና ሃርደነሩ ተደምሮ የሚመዝነውን ትወስዱና ከ1 እስከ 3 ፐርሰንቱን ከለር ታደርጋላችሁ። ለምሳሌ ለአንድ ረከቦት ላይኛው ገፅ 300 ግራም አዘጋጃችሁ እንበል፣ 2 ፐርሰንት ማለት 6 ግራም ከለር ነው። በጣም ድፍን ነገር ከፈለጋችሁ 5 ፐርሰንት ድረስ፣ ማለትም 15 ግራም ድረስ ሂዱ፣ ከዛ በላይ ግን አልመክርም። አምራቹ ጠርሙሱ ላይ ከዛ ያነሰ ከጻፈ የአምራቹን ስሙ። አልኮል ኢንክ ከሆነ ደግሞ ከዚህም በጣም ያንሳል፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ ምክንያቱም አልኮሉ ውስጥ ከቀረ ሬዚኑን ያለሰልሰዋል።

ለምንድነው ገደብ ያለው? ሬዚንና ሃርደነር የሚደርቁት እንደ ቫርኒሽ ነፋስ አድርቋቸው አይደለም፣ እርስ በርስ በኬሚካል ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት። የምትጨምሩት ከለር በዚህ መያያዝ ውስጥ የለበትም፣ መሃል ገብቶ ቦታ ነው የሚይዘው። ሲበዛ የሚያያዘውን ያራርቀዋል፣ ስራው ጎማ ጎማ ይላል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ከለሩ በሬዚን የተበጠበጠ ከሆነ ደግሞ ሃርደነር የሌለው ሬዚን ጨመራችሁ ማለት ስለሆነ ልኬታችሁ ራሱ ተዛባ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ከለር ሁሌ ከስራው በላይ ጠቆር ብሎ ይታያል ምክንያቱም ጥልቀት አለው። ብርጭቆው ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ የመሰለ ነገር 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሲፈስ የሰማይ ቀለም ሊሆን ይችላል። ለዛ አንድ ማንኪያ የማትሞላ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ወይ በፕላስቲክ ክዳን ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍሱና አይታችሁ ወስኑ፣ ሃርደነር ከመግባቱ በፊት ከሆነ ሰዓትም አይሮጥባችሁም።

ሚዛን ከሌለኝስ?

የወርቅ ቤት አይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዙ፣ ከአንድ የተበላሸ ረከቦት ይረክሳል። እስከዛ ግን ፋርማሲ የሚሸጠው ስሪንጅ ጥሩ ነው፣ 5 ሚሊና 10 ሚሊውን ለከለርና ለትንንሽ ስራ ተጠቀሙበት። ለሬዚን የገባ ስሪንጅ ለከለር አይገባም፣ ለሃርደነር የገባም ለሬዚን አይገባም፣ ምልክት አድርጉበት።

እግረ መንገዴን፣ ጠርሙሱ ላይ 1 ለ 1 የሚል ከሆነ በይዘት ነው ወይስ በክብደት የሚለውን አንብቡ። ሬዚኑ ከሃርደነሩ ስለሚከብድ በይዘት 1 ለ 1 የተባለን ነገር በሚዛን 1 ለ 1 ካደረጋችሁት ሃርደነር በዛበት ማለት ነው፣ ከዛ ወር ሙሉ ስትለጥፍባችሁ "ከለሩ ነው" ትላላችሁ።

መርካቶ ሬዚን ብለው ሸጡኝ፣ ሃርደነሩ ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው አሉኝ፣ ልክ ነው?

እሱ ኢፖክሲ አይደለም፣ ፖሊስተር ነው። ለፋይበር ግላስ፣ ለመኪና ቦዲ የሚሰሩበት። ሽታው ከበር ነው የሚቀበላችሁ፣ ማድረቂያውም ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት አካባቢ ብቻ ነው የሚገባው፣ የኢፖክሲ ሃርደነር ግን የሬዚኑን እኩል ወይም ግማሹን ወይም ሲሶውን ያህል ነው። ሁለቱም "ሬዚን" ስለሚባሉ ሻጩም አውቆ ላያታልላችሁ ይችላል። ለፖሊስተር የተሰራ ከለርም አለ፣ በፖሊስተር የተበጠበጠ ነው፣ ኢፖክሲ ውስጥ ስትጨምሩት ዝም ብሎ የሚቀላቀል ይመስላል ግን መድረቁ ይጎተታል፣ አንዳንዴ ለስላሳ ያደርገዋል። ስትገዙ "ለኢፖክሲ" የሚል ጽሑፍ እዩ፣ ካልተጻፈ ተዉት።

ከለሩን መቼ ነው የምጨምረው፣ ከሃርደነር በፊት ወይስ በኋላ?

ሁለቱም ይሆናል፣ እኔ በፊት ነው የማደርገው። ሬዚኑ ብቻውን ሆኖ ከለር ስትጨምሩበት የሚያጣድፋችሁ የለም፣ ሻይ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ከዛ ሃርደነሩን ትጨምሩና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ታማስላላችሁ፣ የብርጭቆውን ጎንና ታች እየፋቃችሁ። ከለር ያለው ጥሩ ጎን ይሄ ነው፣ በደንብ አለመማሰሉን ያሳያችኋል። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ፈዘዝ ያለች መስመር ካያችሁ፣ ወይ ማማሰያው ላይ ግልፅ የሆነ ክር መሳይ ከተንጠለጠለ፣ ገና ነው። ሲያልቅ ወደ ሌላ ንፁህ ብርጭቆ ገልብጣችሁ አንድ ደቂቃ እንደገና አማስሉ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥግ ላይ ያልተማሰለ ነገር ሁሌ ይቀራል።

ብዙ ከለር ከአንድ ስራ ላይ የምታደርጉ ከሆነ ግን ሁሉንም ሬዚን ከሃርደነር ጋር አንዴ አማስሉና ከዛ ወደየ ብርጭቆው አከፋፍላችሁ ከለሩን ጨምሩ። አለበለዚያ ለአምስት ብርጭቆ አምስት ጊዜ ልኬት፣ አምስት ጊዜ የመሳሳት እድል ነው።

የቤት ቀለም ይሆናል?

ፕላስቲክ ቀለም፣ ማለትም ውሃ ቅብ፣ አይሆንም። ውሃ አለበት። ውሃ ኢፖክሲ ውስጥ ሲገባ ደመናማ ያደርገዋል፣ ሃርደነሩንም ስራውን ያስተወዋል። የስዕል አክሬሊክ ቀለም ጥቂት ከሆነ ይያዛል፣ ብዙ ሰውም ይጠቀምበታል፣ ግን አንፀባራቂነቱን ያደበዝዘዋል፣ ለትምህርት ያህል እንጂ ለደንበኛ በምትሸጡት ላይ አታድርጉት። የዘይት ቀለም ዘይቱ አይደርቅም። ቀለም ቤት ውስጥ ለግድግዳ ቀለም መቀላቀያ የሚሸጡት በቱቦ ያለ ማቅለሚያም አብዛኛው ውሃ ወይም ግላይኮል አለበት። ቀለሙ ወፈረብኝ ብላችሁ ቲነር ወይ ቤንዚን ጠብ እንዳታደርጉ በእናታችሁ።

የምግብ ከለርስ? እናቴ ለስፌት አለላ የምትነክርበት ዱቄት አለ፣ እሱስ?

የምግብ ከለሩ ውሃ ነው፣ ከላይ እንዳልኩት። የአለላውን ዱቄት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል ምክንያቱም ከለሩ ደማቅ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ በየገበያው አለ። ግን ለፈላ ውሃ የተሰራ ነገር ነው፣ ሬዚን ውስጥ አይሟሟም፣ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ አንዳንዴ ራሱ ነጥብ ነጥቡ ያምራል አልክድም፣ እንደ ድንጋይ ይመስላል። ሆን ብላችሁ ለዛ ካደረጋችሁት ዱቄቱ በደንብ ደረቅ ይሁን። እንደ ዋና ከለር ግን አይሆንም። ለእትዬ ዱቄቷን መልሱላት።

ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ሬዚኑ ወፍሮ ከለሩ በደንብ አይሰራጭም፣ አረፋም አይወጣም፣ ምን ላድርግ?

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አብዛኛው ኢፖክሲ የተሰራው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ለሚሆን ክፍል ነው። እኛ ደግሞ ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት አገር፣ ቤት ውስጥ ጠዋት 12 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። በዚህ ብርድ ሬዚኑ እንደ ረጋ ማር ይሆናል፣ ከለሩ በክር በክር ይሄዳል፣ ስታማስሉ የገባው አረፋ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። መድረቁም ይዘገያል፣ በግምት በየ10 ዲግሪው ልዩነት ፍጥነቱ በእጥፍ ይቀንሳል ይባላል፣ ስለዚህ በሌላ ቦታ ቪዲዮ ላይ "በ24 ሰዓት ይደርቃል" ያሏችሁ እዚህ ሁለት ሶስት ቀን ቢፈጅ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

መፍትሄው ጠርሙሱን ማሞቅ ነው፣ ክፍሉን ከማሞቅ በፊት። ሬዚኑንና ሃርደነሩን ክዳናቸውን ጥብቅ አድርጋችሁ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ እጅ የሚችለው ሙቀት፣ 10 ወይ 15 ደቂቃ አስቀምጡ። ከዛ ጠርሙሱን በደንብ አድርቁት፣ አንዲት የውሃ ጠብታ ከክዳኑ ስር ተንሸራታ ብርጭቆ ውስጥ ብትገባ ያው ደመና ነው። የከለሩንም ጠርሙስ እንደዛው። ሬዚን ሲሞቅ ቀጥኖ በሰከንድ ከለሩን ይቀበላል፣ ግን ማወቅ ያለባችሁ የመስሪያ ጊዜውም ያጥራል፣ ስለዚህ ሞልዱንም (ሬዚኑ የሚፈስበትን ቅርፅ ማውጫ) ከለሩንም አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሬዚኑ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ እንደ ስኳር ከረጋ አልተበላሸም፣ ብርድ ነው ያረጋው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ጥርት እስኪል አቆዩት። ሳይሟሟ ከለር ከጨመራችሁበት ግን ፍሬ ፍሬውን በስራው ላይ ታገኙታላችሁ።

ክፍል ለማሞቅ ከሰል አታንድዱ። ይሄን በቀልድ አትውሰዱት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ጭስ አልባ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ በየዓመቱ ብርድ ሲመጣ የምንሰማው ነው። ለስራውም ቢሆን መጥፎ ነው፣ ከሰልና ነጭ ጋዝ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት ይለቃል፣ ሁለቱ ናቸው ደግሞ ሬዚን ላይ ታች የማነሳውን ቅባት መሳይ ሽፋን የሚያመጡት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ ይሻላል። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ከሰጋችሁ ስራውን በካርቶን ሸፍናችሁ ብርድ ልብስ ከላይ ደርቡበት፣ አገሩ የብርድ ልብስ አገር ነው፣ ካርቶኑ ስራውን ሳይነካ ሙቀቱን ይይዝለታል፣ አቧራም አይገባም።

ምርጡ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነው፣ ክፍሉ ፀሐይ አግኝቶ ሙቀቱ እየጨመረ ባለበት። ማታ አፍስሳችሁ ተኝታችሁ ማደር ነው ችግሩ፣ ሌሊቱን ሁሉ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ብርጭቆው ውስጥ ጨሰብኝ!

የናንተ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ከዛ ወደ ሮቢት ስትወርዱ ከደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችኋል፣ ሙቀቱ 30 ይደርሳል ያልፋልም። ሬዚን ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ ጠባብና ጥልቅ ብርጭቆ ውስጥ ብዙ ሆኖ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሬዚኑን የባሰ ያፈጥነዋል፣ ከዛ ያፈላዋል፣ ያጨሳል፣ ይሰነጠቃል። ነጭና ግልፅ ከለር ከሆነ ደግሞ በሙቀቱ ቢጫ ይሆናል።

አድርጉ የምላችሁ፦ ጎህ ሲቀድ ስሩ፣ በትንሽ በትንሹ አማስሉ፣ አማስላችሁ እንደጨረሳችሁ ሰፋ ወዳለ ትሪ አፍስሱት እንጂ ብርጭቆ ውስጥ አታቆዩት። ወፍራም ስራ ከሆነ በሁለት በሶስት ንብርብር ስሩት፣ ወይ ደግሞ ለጥልቅ ስራ ተብሎ የሚሸጠውን ዘገምተኛ አይነት ግዙ። የጨሰውን ብርጭቆ በእጅ አትያዙ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ውጪ አውጡት፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት።

ደርቋል ግን ላዩ ቅባት ቅባት ይላል።

ይሄ ብርድና እርጥበት ያመጣው ነው፣ ክረምት ላይ ይብሳል። ሃርደነሩ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከእርጥበት ጋር ተያይዞ የሰራው ሽፋን ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ይለቃል። ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ከሸካከራችሁት ግን ወረቀቱ ይደፈናል፣ ቀጥላችሁ የምታፈሱትም አይያዝም።

አራት ቀን ሆነው፣ አሁንም ይለጥፋል። ከለሩ ነው?

መጀመሪያ ሙሉው ነው ወይስ ቦታ ቦታ ነው የሚለጥፈው? ቦታ ቦታ ከሆነ በደንብ አልተማሰለም፣ በቃ። ሙሉው ከሆነ ልኬት ነው፣ ወይ ከለሩ 5 ፐርሰንት አልፏል፣ ወይ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ብርዱ ከሆነ ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን አቆዩት ይስተካከላል። ልኬት ከሆነ አይስተካከልም፣ ለስላሳውን በፍቆ ማንሳት፣ በአልኮል መጥረግና በትክክል የተለካ አዲስ ንብርብር ማፍሰስ ነው ያለው። ሃርደነር ላዩ ላይ ቀብቶ ማድረቅ የሚባል ነገር የለም፣ ሞክሮ የተሳካለት ሰው አላየሁም።

ሰማያዊ አድርጌው ነበር፣ ከጥቂት ወር በኋላ ወደ አረንጓዴ ሄደብኝ።

ከለሩ ሳይሆን ሬዚኑ ነው ቢጫ የሆነው፣ ቢጫና ሰማያዊ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ (ዩቪ የሚባለው የፀሐይ ጨረር) ከቆላው ይበረታል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ መስኮት ስር አታስቀምጡት፣ ለደንበኛም ንገሩት። ዩቪ መከላከያ ያለው ሬዚን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ጥቁር፣ ቡኒ፣ ድፍን አረንጓዴ ከሆነ ቢጫው አይታይም፣ ነጭና ቀላል ሰማያዊ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ፍሎረሰንት የሚባሉት የሚያበሩ ከለሮች ደግሞ ፀሐይ አይወዱም፣ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ብቻ።

ነጩ ከለር ታች ዘቀጠ፣ ላይ ግልፅ ሆነ።

የነጩ ፒግመንት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፣ ከሬዚኑ 4 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ መዝቀጡ አይቀርም ሬዚኑ ቀጭን ከሆነ። ወርቃማና ብርማ የሚያብለጨልጨውም እንደዛው ነው። ፈጥናችሁ አታፍስሱ፣ አማስላችሁ ሰፋ ባለ እቃ አቆዩት፣ ማማሰያው ሲያልፍ ዱካው ለጥቂት ጊዜ መታየት ሲጀምር አንዴ አገላብጣችሁ አፍስሱ። ሙቀት እየጨመረ በሄደ ቁጥር ይሄ ሰዓት ቶሎ ስለሚመጣ አትራቁ።

ሁለት ከለር ጎን ለጎን ሳይደባለቅ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

ያው ከላይ ያልኩት ዱካ ነው። ሁለቱም ቀጭን ሆነው ካፈሰሳችኋቸው አንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ሌሊቱን ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ማታ ያያችሁት ቅርፅ ጠዋት የለም። ሁለቱም ወፈር ሲሉ ከፈሰሱ ድንበራቸው ላይ ትንሽ ብቻ ይነካካሉ፣ ያ ነው የሚያምረው። ጥርት ያለ መስመር ከፈለጋችሁ ግን አንዱን አፍስሱና ጣት ሲነካው የሚለጥፍ ግን ወደ ጣት የማይመጣ እስኪሆን ጠብቁ፣ ከዛ ሁለተኛውን። ሙሉ ለሙሉ ደርቆ ካደረ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉትና በአልኮል ጠርጋችሁ ነው የምታፈሱት።

በረከቦት እንጨት መሃል እንደ ወንዝ የሚሄድ ሰማያዊ ሬዚን ልሰራ ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ከለሩ አይገባም?

ይገባል፣ በተለይ በጫፉ በኩል። ዋንዛ ቀለል ያለ መልክ አለውና ሰማያዊ ከጠጣ እንደ ቆሰለ ነው የሚታየው። ስለዚህ መጀመሪያ ከለር የሌለው ሬዚን በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ከሬዚኑ ጋር የሚገናኘውን ጎን ሁሉ ቀቡትና ለጥፎ ሲቆይ ከዛ ባለ ከለሩን አፍስሱ። ይሄ ሁለት ስራ ይሰራል፣ ከለሩ አይገባም፣ ከእንጨቱ ቀዳዳ የሚወጣውም አየር ይታፈናል። ፅድ ከሆነ ዘይት ስላለው በአሴቶን ጠርጉት ቀድማችሁ። እንጨቱ ደግሞ ደረቅ ይሁን፣ ከ12 ፐርሰንት በታች እርጥበት፣ ትናንት ከተሰነጠቀ ጣውላ ጋር ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ስለ ሙቀት ደግሞ ለደንበኛ በግልፅ ንገሩ። የተለመደው የእጅ ስራ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። እዚህ ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ከከሰል የወረደ ጀበና ለሬዚን አሁንም በጣም ትኩስ ነው፣ ክብ ምልክት ጥሎበት ነው የሚነሳው፣ ጥቁር ከለር ላይ ደግሞ ያ ክብ ሁሌ ይታያል። ማቶት ስር አድርጉ፣ ጀበናው እሱ ላይ ይቀመጥ። ስኒ ሲቀመጥ ብዙ ችግር የለውም። የዕጣን ማጨሻና የከሰል ማንደጃ በፍፁም።

ስኒ ውስጡን ቀብቼ ከለር ባደርገውስ?

አይሆንም። ከውጪ ከሆነ፣ ከንፈር ከሚነካው ጠርዝ ራቅ ብሎ፣ ለጌጥ ይሁን። ትኩስ ቡናና የማታውቁት ከለር ግን አንድ ላይ አይሄዱም።

የመንዝ በግ ሱፍና አደይ አበባ ሬዚን ውስጥ መክተት እፈልጋለሁ፣ ምን ከለር ይስማማዋል?

ለሱፉ ድፍን ከለር አትጠቀሙ፣ አይታይም፣ በዳይ ቀለል አድርጋችሁ ወርቅማ ወይ የሻይ ቀለም ስጡት፣ ጥቁር ቡኒው ሱፍ በዛ ውስጥ በጣም ያምራል። ሱፍ በክሮቹ መሃል ብዙ አየር ይይዛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ግልፅ ሬዚን እያሻሻችሁ አርጥቡት፣ አረፋው ሲወጣ እያያችሁ፣ ከዛ ሞልዱ ውስጥ አስቀምጡት። ሱፉ ታጥቦ ቅባቱ ካልወጣ ሬዚኑ አይይዘውም።

አደይ እርጥብ ሆና ከገባች ትጠቁራለች። በመስከረም ለቅማችሁ በወረቀት መሃል ጫን አድርጋችሁ ሁለት ሶስት ሳምንት አድርቋት፣ ቢጫዋ ትንሽ ትደበዝዛለች ግን ትቆያለች። ከስር በጣም ቀላል ሰማያዊ ወይ ነጭ ብታደርጉላት ትደምቃለች፣ ቢጫ ከለር ስር ካደረጋችሁባት ግን ትጠፋለች።

ግላቭ የግድ ነው?

የግድ ነው። ሬዚንና ሃርደነር ቆዳ ላይ ዛሬ ምንም ላይላችሁ ይችላል፣ ግን እየተደጋገመ ሲሄድ ሰውነት ይቆጣዋል፣ አንዴ አለርጂ ከጀመረ ደግሞ አይለቅም፣ ሽታው ብቻ ሊያሳክካችሁ ይችላል፣ ስራውን መተው ነው ከዛ በኋላ ያለው። ናይትሪል የሚባለውን ግላቭ ተጠቀሙ። ቆዳ ላይ ከነካ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ በቲነር ወይ በአሴቶን እንዳትጠርጉ፣ ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው። መስኮት ይከፈት፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትዝጉ፣ የሃኪም ቤት ማስክ ትነቱን አይከለክልም። ስትፈገፍጉ ግን የአቧራ ማስክ አድርጉ። አልኮል ኢንክ ያለበት ስራ ላይ አረፋ ለማጥፋት እሳት አታስጠጉ፣ አልኮሉ ይያያዛል፣ ሂት ገን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሳሪያ) ከሆነም ራቅ አድርጋችሁ። ልጆች ባሉበት ወጥ ቤት ውስጥ አትስሩ።

የተረፈ ከለር ምን ያህል ይቆያል?

ክዳኑ ጥብቅ ከሆነና ከፀሐይ ከራቀ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ እንጂ አታጋድሙ። ፒግመንቱ ታች ስለሚረጋ ከመጠቀማችሁ በፊት በቀጭን እንጨት ከስሩ ፍቃችሁ አማስሉት፣ መነቅነቅ ብቻ አረፋ ነው የሚሞላው። ሳታማስሉ ላይ ላዩን ከቀዳችሁ የዛሬው ሰማያዊ ከባለፈው አይገጥምም፣ ደንበኛው ደግሞ ለረከቦቱ የሚሆን ተመሳሳይ ስቶል ነው ያዘዛችሁ። የአፉን ዙሪያ ጥረጉት፣ ደርቆ ከተጣበቀ ክዳኑን ለመክፈት ፒንሳ ነው የምትፈልጉት።

ከሃርደነር ጋር የተማሰለ ከተረፈ ግን ማስቀመጥ የለም፣ ትንሽ የቁልፍ መያዣ ሞልድ አጠገባችሁ አዘጋጁና እዛ ውስጥ አፍስሱት።